«አገልግሎትሽ ምንድን ነው?» ሲሉኝ ምን ልበል?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ጅማ፣ ሂርማታ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የመዘምራን ድምፅ የለኝም፤ መድረክ ላይ ስቆም ደግሞ ጉልበቴ ይከዳኛል። የምችለው ወጥ መሥራት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ጎረቤቴ ታማ ሆስፒታል ስትተኛ ምሳ አመላልስላት ነበር። ከዳውሮ፣ ከከፋ፣ ከኢሉባቦር በሽተኛ ይዘው መጥተው በረንዳ ላይ ጋቢ ተከናንበው የሚያድሩትን አስታማሚዎች ያየኋቸው ያኔ ነው። ገንዘባቸውን ለመድኃኒትና ለመኪና ጨርሰው በሻይና በዳቦ ይውላሉ። ጎረቤቴ ድና ወጣች፤ እኔ ግን መመላለሱን አልተውኩም። ማክሰኞና ቅዳሜ ሠርቼ እወስዳለሁ።

በቅርቡ የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት የአገልግሎት ቅጽ አስሞላን። «ምግብ ማብሰል» ብዬ ጻፍኩ። ሰብሳቢዋ ፈገግ ብላ «እሱማ የቤት ሥራ ነው፤ አገልግሎትሽን ጻፊ» አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ አገልግሎት እንዲባል ከፈለግሽ በየፌስታሉ ትራክት (ወንጌል የሚሰብክ በራሪ ወረቀት) ክተቺበት፣ ለሪፖርት የሚሆን ፎቶም አንሺ አለች።

በዚህ ላይ ለፋሲካ ዶሮ ሠርቼ ወስጄ አንዲት ሻሽ ያሰሩ እናት ሳህኑን በቀስታ ወደ እኔ ገፋ አድርገው «አልበላም ልጄ፣ አመሰግናለሁ» ብለው ደረቅ ዳቦአቸውን ቆረሱ። አብራኝ የነበረችው እህት «አየሽ፣ ሲጠሉን ነው» አለችኝ። ልጃቸው ገና ከሆስፒታል ስላልወጣ በሄድኩ ቁጥር አያቸዋለሁ፤ ዐይናቸውን ማየት ከብዶኛል። ባለቤቴ በበኩሉ «ጤፍ በዚህ ዋጋ!» እያለ ያጉረመርማል። ልተወው እንዴ?

ከሂርማታ

* * *

እኅቴ፣

ከዶሮው ልጀምር። እኚያ እናት አልጠሉሽም። ጅማ ለምትኖሪ ሰው ይህን መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው፤ ግን ልብ ሲከፋው የሚያውቀውንም ይረሳል። በአገራችን ሙስሊሙ ክርስቲያን ያረደውን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊም ያረደውን አይበላም። ለሠርግ እንኳ ለሙስሊሙ እንግዳ ሙስሊም ጠርተሽ ታሳርጃለሽ፤ ጎረቤትም ሲጠራሽ እንዲሁ ያደርግልሻል። አንቺ ቤትሽ የምታደርጊውን በረንዳው ላይ ረሳሽው። ሥጋውን ተዪውና ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን በዘይት ሥሪ። ቅቤም አይግባበት። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ያን ሁሉ ቀን ኦርቶዶክሱን አስታማሚ ልታልፊው ነው? ለበሽተኛው ግን ነርሷን ሳትጠይቂ አትስጪ፤ ጨው የተከለከለ ይኖራል።

ወደ ቅጹ ልምጣ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ የተነሳው ጠብ የምግብ ነበር። በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ መበለቶቻችን ተዘነጉ ብለው የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ አጉረመረሙ። መፍትሔው ሰባት ሰዎች መምረጥ ሆነ። መመዘኛውን አስተውለሻል? መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው ይሁኑ ተባለ። ምግብ ለማደል! ከሰባቱ አንዱ ኋላ በድንጋይ ተወግሮ የሞተው እስጢፋኖስ ነው። «ቃሉን ትተን ማዕድን እናገለግል ዘንድ የሚገባ አይደለም» የሚለውን ጠቅሰው የሚከራከሩሽ አይጠፉም። ሐዋርያት ያሉት እኛ ቃሉን ትተን አይገባም ነው። ሥራውን ቢንቁትማ ጸልየው እጃቸውን ጭነው ሰው ባልሾሙበት ነበር። ደግሞም ማዕዱንም ቃሉንም የጠሩት «ማገልገል» በሚለው በዚያው ቃል ነው። ዲያቆን የምንለውም ከዚያው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ቅጹ ላይ «ማዕድ» ብለሽ ጻፊ። ሰብሳቢዋ ደግማ ፈገግ ካለች ምዕራፉን ክፈቺላት።

ትራክቱን ግን በፌስታሉ አትክተቺ። ይህን የምልሽ በእምነትሽ እንድታፍሪ አይደለም። የራበው ሰው እምቢ ማለት አይችልም፤ እምቢ ማለት ለማይችል ሰው ወረቀት አይሰጥም። ከትንሣኤ በኋላ ጌታ በባሕሩ ዳር ፍም አንድዶ፣ ዓሣ ጠብሶ «ኑ፣ ምሳ ብሉ» ነው ያለው። ሦስቴ የካደውን ጴጥሮስን «ትወደኛለህን?» ብሎ የጠየቀው ከበሉ በኋላ ነው። «ለምን ታበይናለሽ?» ብሎ የጠየቀሽ ሰው ካለ አጠገቡ ተቀምጠሽ አውሪ። ያልጠየቀሽን አብልተሽ፣ ሳህንሽን ሰብስበሽ ሂጂ። ፎቶውንማ ተዪው። ባሏ ኦክሲጅን ላይ ያለ ሴት እንጀራ ስትጎርስ ለሪፖርት ትነሳ?

እኔም ከዓመታት በፊት እናቴን ሳስታምም ደረጃ ላይ ተቀምጬ አንዲት የማላውቃት ሴት ጎመን በእንጀራ ጠቅልላ እጄ ላይ አኖረችልኝ። ገና ትኩስ ነበር፤ ፌስታሉ ከውስጥ ላብ አውጥቷል። ኮረሪማው ይሸት ነበር። የምን እምነት ነሽ አላለችኝም፣ እኔም ስሟን አልጠየቅኳት። ዛሬም ኮረሪማ ስወቅጥ ያቺ ደረጃ ትመጣብኛለች።

በባልሽ ነገር ግን ከእሱ ጋር ነኝ፤ ትቀየሚኝ ይሆናል። ሳታማክሪው ከልጆቹ ቀለብ እየቀነስሽ ከሆነ አገልግሎትሽን የሚከፍሉት ልጆችሽ ናቸው። ቁጭ በሉና በወር ይህን ያህል ብላችሁ ወስኑ። ሁለቱ ቀን ከከበደ አንድ ቀን ይበቃል። አንድ ኪሎ ሽሮ ሃያ ሰው ያህል ታበላለች፤ ኪስ የሚጎዳው እንጀራው ነው። ለእሱ ሁለት ጎረቤት አማክሪ፣ ዐሥር ዐሥር እንጀራ ይጋግሩልሽ። አንዷ ሙስሊም ብትሆን ደግሞ እሰየው፣ በረንዳው ላይ አብራሽ ትቁም። እንጀራ የጎደለ ቀን የተቀቀለ ድንች ጨምሪበት።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ድስቱ። ዶሮ የተሠራበት ድስት ውስጥ የበሰለ ሽሮ የማይበሉ አሉ። ሐሙስ ገበያ ስትወጪ ሌላ ብረት ድስት ግዢ፤ ክዳኑ የሚገጥም፣ ጆሮው የማይነቃነቅ። ጭልፋም ለብቻ። እኚያ እናት እዚያው ካሉ መጀመሪያ ወደ እሳቸው ሂጂና «ሥጋ ገብቶበት አያውቅም፣ እማማ» ብለሽ ክዳኑን ከፍተሽ አሳያቸው።