መልስ፦ ቀይና ሰማያዊው ተለያይቶ ስለሚታየው የፕሮጀክሽን ቲቪ

ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀለሞቹ ተለያዩ፣ ቀጥታው መስመርም ቀስት ሠራ ካልክ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ምስል የሚሰጡትን ሦስቱን ቱቦዎች ለጊዜው ተዋቸው። መጀመሪያ የሚጠረጠረው የኮንቨርጀንስ አይሲው፣ ማለትም ሦስቱን ቀለሞች አንድ ላይ የሚያገጣጥመው ቺፕ ነው። ብዙዎቹ ላይ ኤስቲኬ 392-110 ሁለት ፍሬ አለ፤ አንዱ ብቻ ቢሞትም ሁለቱንም ቀይር። ተመሳስሎ የተሠራ ስለሚበዛ ርካሹን አትግዛ።

ሥራው ተመልሶ የሚበላሸው አይሲ ብቻ ተቀይሮ ሲዘጋ ነው። አጠገቡ ያሉትን ትንንሽ ሬዚስተሮች አንድ እግራቸውን ከሊዱ (ከብየዳው) አንስተህ በቴስተር ለካ፤ ከተጻፈባቸው ኦም የራቀውን ቀይር። ፊውዞቹንም ለካ። በፊውዝ ቦታ ሽቦ ማሰር ቦርዱን ያቃጥላል፣ እባክህ አታድርገው።

የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ከሂትሲንኩ (አይሲውን ከሚያቀዘቅዘው ብረት) ላይ በአልኮል ጠርገህ አዲሱን በስሱ ቀባ። መጀመሪያ አይሲውን ከሂትሲንኩ ጋር የሚያስረውን ብሎን አጥብቅ፣ ሊዱን ኋላ፤ ከተገለበጠ እግሮቹ ይወጠሩና ሊዱ ይሰነጠቃል።

ከመክፈትህ በፊት ሶኬቱን ንቀል፤ ከከፈትክ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ሳትነካ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ዋና ካፓሲተሮች ባዶ መሆናቸውን ለካ። ወደ ቱቦዎቹ የሚሄደው ወፍራም ገመድ 30 ሺህ ቮልት ገደማ ስለሚይዝ እጅህን አርቅ። ከቱቦው ሥር የሚያጣብቅ ፈሳሽ ካየህ ማቀዝቀዣው እያፈሰሰ ነውና ቦርዱ ላይ ሳይወርድ መጠገን አለበት።

ቀለሞቹን የምታገጣጥመው ቲቪው ግማሽ ሰዓት ከሞቀ በኋላ ነው።