ጋቢናው ሲሰፋብህ፦ ስለ ሹፌር ብቸኝነት ጥያቄና መልስ

ከባድ መኪና መንዳት ከጀመርኩ 23 ዓመት ሆነኝ። ከጅቡቲ ጭኜ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በአባይ በረሃ ወርጄ ማርቆስ፣ ቡሬ፣ ባሕር ዳር። ቤቴ ደብረ ማርቆስ ነው። ልጆቼን ግን ግማሹን ያሳደግኳቸው በስልክ ነው። ስለ ብቸኝነት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ጥያቄ መጣልኝ። የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መሪ ከያዝኩ ስምንት ወሬ ነው። ቀን ቀን ደህና ነኝ። ማታ መኪና አቁሜ ሞተር ሳጠፋ ግን ሆዴ ይባባል። የኔ ድክመት ነው? (ሹፌር፣ ከፍኖተ ሰላም)

ድክመት አይደለም ወንድሜ። ያንን ጸጥታ የማያውቅ ሹፌር የለም። ቀኑን ሙሉ ሲያጓራብህ የዋለ ሞተር ድንገት ጭጭ ሲል፣ ያቺ ጠባብ ጋቢና ትሰፋብሃለች። ለዚህ ነው እኔ ሞተር ከማጥፋቴ በፊት ቀጥሎ የማደርገውን የምወስነው። ጎማ እየዞርኩ አያለሁ። የሸራውን ገመድ አጠብቃለሁ። ከዚያ ታጥቤ ራት ወደምበላበት ቤት በእግሬ እሄዳለሁ። ጋቢና ውስጥ ራት አልበላም።

ዋናው ግን ሌላ ነው። ጅቡቲ ወረፋ ላይ በሹፌር ተከብቤ እየዋልኩ ሆድ የባሰኝ ጊዜ አለ። ያ ሁሉ ሰው መሃል መጣ ቀረ የሚለኝ አልነበረም። ደጀን ላይ ግን፣ ከበረሃው ወጥተህ ከተማው እንደገባህ፣ ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት አሉ። መኪናዬን በድምፁ ይለዩታል። እኔ ሁልጊዜ አቦሉን ጠጥቼ እብስ ነው። አባቴ ያረፈ ሰሞን ግን ምንም ሳልናገር ፊቴን አዩት። ልነሳ ስል ሲኒዬን ወሰዱ፣ አለቅልቀው ቶናውን ቀዱልኝ። ቀጥሎ በረካውን። «በረካ ሳይጠጣ አይኬድም» አሉኝ። ያኔ አለቀስኩ። እሳቸው ፍሙን እያራገቡ ዝም አሉኝ።

እንደዚህ ያለ አንድ ቤት በመስመርህ ላይ ይኑርህ። ዛሬ ደምበጫ፣ ነገ አማኑኤል እያልክ አትበታተን። አንዱን ቤት ልመደው። ስምህን ንገራቸው፣ የልጆቻቸውን ስም ጠይቅ። ስትዘገይ «ምን ሆኖ ይሆን?» የሚል ሰው ያስፈልግሃል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሹፌር ነው። ሲደውል «ብሩ ደረሰሽ?» ብቻ ነው የሚለኝ። ቤት ሲመጣም አያወራም፣ ይተኛል። ጠልቶኝ ይሆን? (ከደምበጫ)

የጠላሽ አይመስለኝም እህቴ። ቀኑን ሙሉ ብቻውን የዋለ ሰው አፉ ይተሳሰራል። እኔም ቤት ስገባ የመጀመሪያውን ቀን ወሬ አይወጣኝም ነበር፤ ባለቤቴም እንዳንቺ ተቀይማ ታውቃለች። ያን ቀን ይተኛ። በማግስቱ ቡና ላይ አውሪው።

በስልክ ደግሞ ችግር ብቻ አትንገሪው። የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ መነገሩ ግድ ነው። ግን በጓ ወለደች፣ የትንሹ ጥርስ ወለቀ፣ ጎረቤት ተጣሉ የሚለውንም ጨምሪበት። ከቤቱ የሚያርቀው እንዲህ ያለውን ወሬ አለመስማቱ ነው። በቴሌግራም ድምፅሽን ቀድተሽ ላኪለት፤ ሲቆም ይሰማዋል። የልጆቹን ድምፅ እኔ አሥር ጊዜ ደጋግሜ እሰማ ነበር። በ2015 ነሐሴ በክልላችን ኢንተርኔት ሲቋረጥ በመደበኛ ስልክ ብቻ ቀረን። ያኔ መስመር በተገኘ ቁጥር «ደህና ነህ? ደህና ነሽ?» ብቻ ተባብለን እንዘጋ ነበር። እሱም ቢሆን ያሳድራል።

አንድ ልማድ ልስጥሽ። የአባይ በረሃ ከጎሐ ጽዮን ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጭነት የያዘ ተሳቢ በከባድ ማርሽ እየተጎተተ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ኔትወርኩም ይቆራረጣል። ጎሐ ጽዮን ሲደርስ «ልወርድ ነው» ይበልሽ። ደጀን ሲደርስ «ወጣሁ» ይበልሽ። ሁለት ቃል ነው። አንቺም አትሳቀቂም፣ እሱም ዳገቱን ሲወጣ የሚጠብቀው ሰው እንዳለ ያውቃል።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ሳስብ እንዳልውል ጫት እቅማለሁ። ማታ እንቅልፍ እንዲወስደኝ ሁለት ሦስት ቢራ። ምን ችግር አለው? (ሹፌር፣ ከቡሬ)

ብዙ ችግር አለው። ጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ያነቃሃል፣ ጨዋታም ያመጣልሃል። ምርቃናው ሲወርድ ግን ድብርቱ ከነበረው ብሶ ይመጣል። እንቅልፍም ይነሳሃል። ቢራው ያስተኛህ ይመስልሃል፤ እንቅልፉ ግን የተቆራረጠ ነው፤ ስትነሳ ድካሙ አልለቀቀህም። ለብቸኝነት ብለህ የጀመርከው ነገር ራሱ ብቸኝነቱን ያባብሰዋል።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋት ድረስ የሰው ገላ እንቅልፍ የሚጠይቅበት ሰዓት ነው። ቅጠል ይዘህ አትታገለው። አቁምና 20 ደቂቃ ተኛ። እኔ አንድ ሌሊት ቁልቁለቱን ስወርድ ዓይኔ ተከደነ። ረዳቴ ትከሻዬን ባይመታኝ ዛሬ ይህን አልጽፍላችሁም ነበር። ከዚያ ወዲህ በረሃውን በሌሊት አልወረድኩም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 58 ነው። ባለቤቴ አርፋለች፣ ልጆች በየፊናቸው ሄደዋል። ቤቴ ብገባም ያው ብቻዬን ነኝ። እድርም የለኝም፤ ለቅሶ ስለማልደርስ አፈርኩ። (ሹፌር፣ ከሉማሜ)

ነፍሳቸውን ይማር ጋሼ። ሐፍረቱ ይገባኛል። ሹፌር ቀብር አይደርስም፣ ድንኳን አይተክልም፣ ከዚያ ራሱን ከእድር ያወጣል። እኔም ሦስት ዓመት ያለ እድር ኖሬያለሁ። መጨረሻ ላይ ዳኛውን ሄጄ «ቀብር ላልደርስ እችላለሁ፣ መዋጮዬን ግን ቀድሜ እከፍላለሁ፤ ዕቃ የሚጓጓዝ ሲኖርም በኔ ይሁን» አልኳቸው። ተቀበሉኝ። የእድሩን አዲስ ድንኳንና ወንበር ከአዲስ አበባ ያመጣሁት እኔ ነኝ። አሁን መንገድ ላይ ስቆይ ጎረቤት ቤቴን እያየ ያልፋል። እርስዎም እንዲህ ብለው ይሞክሩ። እምቢ የሚልዎት አይመስለኝም። ሲመለሱ ደግሞ በርዎን ክፍት ያድርጉትና የጎረቤት ልጆችን ቡና ጥሩ ብለው ይላኩ።

ጥያቄ፦ ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ አያናግረኝም። ከሥራ በቀር ስሜንም አይጠራም። (ረዳት፣ ከዱርቤቴ)

ይህን ለሹፌሮች ልመልሰው። ረዳታችሁን ከአንድ ትሪ አብሉት። አጠገባችሁ ሰው ተቀምጦ ብቸኛ ነኝ ማለት ያሳዝናል። አንተ ልጄ ደግሞ ቅድሚያውን አንተ ውሰድ። «ጋሼ፣ ይቺ መኪና መጀመሪያ እጅህ ስትገባ እንዴት ነበረች?» ብለህ ጠይቀው። ስለ መኪናው ተጠይቆ ዝም የሚል ሹፌር አላጋጠመኝም።

ጥያቄ፦ መንገድ ተዘግቶብን በዓልን ሜዳ ላይ የዋልንበት ጊዜ አለ። ያን ቀን የሚያህል የለም። (ሹፌር፣ ከእንጅባራ)

እውነት ነው፣ የለም። ያኔ ጋቢናህን ዘግተህ አትተኛ። እኛ አንድ ፋሲካ እንደዚያ ተይዘን አምስት መኪና ሆነን አዋጣን፣ ካሶኒው ጥላ ሥር ወጥ ሠራን። አካባቢው ያሉ እናቶች እንጀራ አመጡልን። ብር ስንሰጥ «በዓል እኮ ነው» ብለው አልተቀበሉንም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለማንም አልተናገርኩም። ሰሞኑን መኖር አስጠልቶኛል። በረሃውን ስወርድ ክፉ ሐሳብ ይመጣብኛል። (ስሙን ያልጻፈ)

ልጄ፣ ስለነገርከኝ አመሰግንሃለሁ። ዛሬ መሪ አትያዝ። መኪናውን አቁም፣ ለባለንብረቱ «አሞኛል» በለው፤ ውሸት አይደለም፣ ታመሃል። አሁኑኑ ለአንድ ሰው ደውል። ለወንድምህም ይሁን ለንስሐ አባትህ፣ አፍ አውጥተህ ልክ ለኔ እንዳልከኝ ንገረው። ሌሊቱን ብቻህን አትደር።

ከዚያ ሰው ይዘህ ሆስፒታል ሂድ። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት አለ። አዲስ አበባ ከሆንክ አማኑኤል አለ። ስሙን ሰምተህ አትሸሽ፤ እንዳንተ የከፋው ብዙ ሰው ታክሞ ወደ ሥራው ተመልሷል። ጠበልም ሂድ፣ ጸልይ፤ የታዘዘልህን መድኃኒት ግን በራስህ አታቋርጥ።

የት እንደደረስክ ጻፍልኝ። ዛሬ መንገድ የለኝም፣ ቤቴ ነኝ። እጠብቅሃለሁ።