የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ደረቱ አልነሳ ያለ ጨቅላ

ጥያቄ፦ አዋላጅ ነርስ ነኝ። በሥልጠና አሻንጉሊት ላይ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚነፋ ከረጢት) ስጫን ደረቱ ጥሩ ይነሳል። ሳይተነፍስ በተወለደ ሕፃን ላይ ግን ደረቱ ንቅንቅ የማይልበት ጊዜ አለ። የቱ ጋ ነው የምሳሳተው?

መልስ፦ መጀመሪያ ማስኩን (አፍና አፍንጫን የሚሸፍነውን ጭምብል) ይጠርጥሩ። በማስኩና በአምቡ ባጉ መካከል የአየር መለኪያ እየገባ የተሠሩ ጥናቶች፣ ከሚገፋው አየር ብዙው በማስኩ ዳር ሊያመልጥ እንደሚችልና ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ሳይቀሩ ይህን እንደማያስተውሉ ደጋግመው አሳይተዋል። የአሻንጉሊት ፊት ደረቅ ነው፤ የጨቅላ ፊት ግን እርጥብና የሚያዳልጥ ነው።

ማስኩን ከአገጩ ጫፍ ጀምረው ወደ አፍንጫው ያስተኙት፤ ዓይን ላይ አይውጣ። በአውራና በአመልካች ጣት ማስኩን ይያዙ፣ በቀሩት ጣቶች የመንጋጋውን አጥንት ወደ ማስኩ ያንሱ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ማስኩን ቁልቁል ሲጫኑት አንገቱ ይታጠፍና የአየር መንገዱ ይዘጋል። የጨቅላ ጭንቅላት ከኋላ ትልቅ ስለሆነ አንገቱ ሳይነኩትም ያጎነብሳል፤ ስለዚህ ከትከሻው ሥር የታጠፈ ጨርቅ ያድርጉ። ከልክ በላይ ወደኋላ መቀልበስም ያው መዝጋት ነው።

አምስት ጊዜ ያህል ነፍተው ደረቱ ካልተነሳ በሳክሽን (ፈሳሽ በሚመጥ መሣሪያ) አፉን፣ ቀጥሎ አፍንጫውን ያጽዱ (አፍንጫው ከቀደመ ሕፃኑ አፉ ውስጥ ያለውን ወደ ሳንባው ሊስብ ይችላል)። አፉን ከፈት አድርገው እንደገና ይንፉ። አሁንም እንቢ ካለ ግፊቱን ይጨምሩ፤ ከ20–25 ሴንቲ ሜትር ውሃ (የግፊት መለኪያ ነው) ተነስቶ እስከ 40 ሊደርስ ይችላል። ሳንባው ገና ፈሳሽ ስለያዘ የመጀመሪያዎቹን ትንፋሾች ቢያስቸግር አይግረምዎ። የብዙ አምቡ ባጎች የግፊት መልቀቂያ ቫልቭ ከ30–40 ባለው ላይ እንደሚከፈትም አይርሱ።

ፍጥነቱ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ነው። በድንጋጤ ከዚያ በላይ የሚፈጥን ብዙ ነው፤ «ንፋ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያሉ መቁጠር እጅን ያረጋጋል። ሥራው መያዙን ከሁሉ በላይ የሚናገረው የልብ ምቱ መጨመር ነው፤ ለ6 ሰከንድ ቆጥረው በ10 ያባዙት። ደረቱ እየተነሳ 30 ሰከንድ ነፍተው ምቱ በደቂቃ ከ60 በታች ከሆነ ብቻ ወደ ደረት መጫን ይሂዱ፦ ሦስት ጭነት፣ አንድ ትንፋሽ።

ጥያቄ፦ ንጹሕ ኦክስጅን እያለ በተራ አየር ጀምሩ የሚባለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ስለማያስፈልግና ስለሚጎዳ ነው። በ1998 የታተመው ሬዝኤር 2 የተባለው ጥናት አየርን ከ100 በመቶ ኦክስጅን ጋር አወዳድሮ አየሩ እንደማያንስ አሳየ፤ በኋላ የበርካታ ጥናቶች ውጤት ተደምሮ ሲታይ በአየር የተጀመረላቸው ጨቅላዎች ሞት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ጤነኛ ሕፃን እንኳ በመጀመሪያዋ ደቂቃ የደሙ ኦክስጅን ከ60–65 በመቶ ነው፤ 85–95 የሚደርሰው በ10ኛው ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ መጥቆሩ ብቻውን አያስቸኩልም። ያለጊዜያቸው ለተወለዱት ግን የመነሻው መጠን አሁንም ያከራክራል።

በዚህ ሙያ ምርምር ብዙ ጊዜ ያስተማረው መተውን ነው። ሜኮኒየም (የሕፃኑ የመጀመሪያ ዓይነ ምድር) ስላለ ብቻ ከመንፋት በፊት ቱቦ አስገብቶ መምጠጥ በተለምዶ አይመከርም። ሳንባውን በአንድ ረጅም ትንፋሽ የመክፈት ሐሳብም ያማረ መስሎ ነበር፤ ነገር ግን እጅግ ቀድመው በተወለዱ ጨቅላዎች ላይ 15 ሰከንድ የሚቆይ ትንፋሽ የሞከረው ሴይል የተባለ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት የሞቱት ስለበዙ ከታሰበው ቀድሞ ቆመ፤ ውጤቱም በ2019 ታተመ።

ጥያቄ፦ ሕፃኑ ካልተነፈሰ እትብቱ ይቆይ ወይስ ይቆረጥ?

መልስ፦ የሚያለቅስ ሕፃን ከሆነ ቢያንስ 60 ሰከንድ ይቆይ። ለማይተነፍሰው እትብቱ ሳይቆረጥ እናቱ አጠገብ ማገዝ እየተጠና ነው፤ ለዚህም ከአልጋዋ ጎን የሚጠጉ ትንንሽ ጠረጴዛዎች ተሠርተዋል። እንዲህ ያለ ዝግጅት በሌለበት ግን አድርቀውና ጀርባውን አሻሽተው ካልተነሳ፣ እትብቱን ቆርጠው አንድ ደቂቃ ሳይሞላ መንፋት ይጀምሩ።