የፓይተን ጥያቄና መልስ፦ ታንኳውን ነው ወይስ ዓሣውን?

ዛሬ ባሕር ዳር መብራት አለ፣ ስለዚህ ጠይቁ። ርዕሳችን በፓይተን የኮምፒውተር ቋንቋ በዝርዝር ውስጥ ያለን ዝርዝር በሁኔታ ማጣራት ነው። ሦስት ታንኳዎች ከጣና ያመጡትን ዓሣ በኪሎ እንያዝ፦

ቀን = [[4, 1, 6], [2, 2], [9]]

የፓይተንን ቃላት በፊደላችን የምጽፈው ለንባብ ነው። ማሽኑ ላይ በላቲን ጻፉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከ3 ኪሎ በታች ያለውን እንዴት ላስወጣ?

መልስ፦ ምኑን? ታንኳውን ነው ወይስ ዓሣውን? መጀመሪያ ይህን ለዩ። ዓሣውን ከሆነ፦

[[ዓሣ ፎር ዓሣ ኢን ታንኳ ኢፍ ዓሣ >= 3] ፎር ታንኳ ኢን ቀን]

[[4, 6], [], [9]] ይመጣል። መሀለኛው ታንኳ ባዶውን ቀረ እንጂ አልጠፋም። ታንኳውን ማስወጣት ከሆነ ግን ሁኔታው ወደ ውጭው ዙር ይሄዳል። ድምሩ (በፓይተን ሰም) ከ8 ኪሎ የማያንሰውን ብቻ ለማስቀረት፦

[ታንኳ ፎር ታንኳ ኢን ቀን ኢፍ ሰም(ታንኳ) >= 8]

አሁን [2, 2] እንዳለ ከዝርዝሩ ይወገዳል። የመጀመሪያው ታንኳ 1 ኪሎዋንም ይዞ ያልፋል።

ጥያቄ፦ እኔ በፎር እየዞርኩ ከ3 በታች ያለውን በሪሙቭ፣ በማስወገጃው ትእዛዝ፣ አወጣሁ። [2, 2] ላይ አንድ 2 ቀረብኝ። ፓይተን ችግር አለበት እንዴ?

መልስ፦ ፓይተን ደህና ነው። የመጀመሪያውን 2 ስታወጣ ሁለተኛው ወደ ቦታው ይንሸራተታል። ፎር ደግሞ ቀጣዩን ቦታ ሊያይ አልፏል። የምትዞሩበትን ዝርዝር አትንኩ፣ አዲስ ሥሩ።

ጥያቄ፦ ፊልተር የሚባለው የፓይተን ማጣሪያ አይሻልም?

መልስ፦ ምርጫ ነው። በፓይተን 3 ፊልተር ራሱ ዝርዝር አይመልስም፣ በሊስት ጠቅልሉት። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ የኔ አልሠራም።

መልስ፦ ምኑ? ኮዱን ለጥፍ። ጠንቋይ አይደለሁም።

ጥያቄ፦ መዝገቤ [[«ባሕር ዳር», 4], [«ባህር ዳር», 6], [«ባሕርዳር», 9], [«ጎርጎራ», 2]] ነው። የባሕር ዳሩን ሳጣራ አንድ ረድፍ ብቻ መጣ።

መልስ፦ እሰይ! ይህን ስጠብቅ ነው የዋልኩት። ለጆሮ አንድ ነው፣ ለማሽኑ ግን ሕ እና ህ እንደ በ እና ተ የተለያዩ ናቸው። ዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ለየብቻ ቁጥር ሰጥቷቸዋል፣ የዩኒኮድ ማስተካከያም አያዋህዳቸውም። ስለዚህ ከማጣራታችሁ በፊት ራሳችሁ አዋህዱ፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ እስከ ሳብዕ ከነዘራቸው። ሃ እና ሀ፣ ዓ እና አ በድምፅ አንድ መሆናቸውንም አትርሱ። ክፍት ቦታውን አጥፉ። በሁለቱም ወገን አድርጉት፣ በመዝገቡም በምትፈልጉት ቃልም። ያኔ ሦስቱም ረድፍ ይመጣል። እኔ አንዴ ይህን ሳላደርግ ሪፖርት አስገብቼ ግማሹ ዓሣ ጠፋ ተብዬ ነበር። ዓሣው ሐይቁ ውስጥ አልገባም፣ ሐ ውስጥ ነበር።

በነገራችን ላይ ፓይተን 3 የተለዋዋጭ ስም በፊደላችን ይቀበላል። ግን ላይ ዓሣ ብላችሁ ታች አሳ ካላችሁ «አላውቀውም» ይላችኋል።

አንድ አባል፦ ትክክለኛው በሐመሩ ሐ ነው፣ ግእዙ ባሕር ነውና። መዝጋቢዎቹ ይታረሙ።

ሌላ አባል፦ ታክሲ ላይ ማን ይለየዋል? ሰው እንደተመቸው ይጻፍ።

አንድ አባል፦ እንደተመቸው ሲባል ነው ቀረሶውም አምባዛ ተብሎ የሚሸጠው።

ሌላ አባል፦ ኧረ አምባዛ ምን ሆነ? ጥብሱን ቀምሰኸዋል?

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ ዓሣውን ማታ እንበላዋለን። የጻፈውን ሰው ሳይሆን ውሂቡን አርሙ።

ጥያቄ፦ አሁን ነው የገባሁት። ከ3 ኪሎ በታች ያለውን እንዴት ነው የማስወጣው?

መልስ፦ ታንኳውን ነው... ተወው፣ ከላይ አለልህ። መብራቱም ብልጭ ድርግም እያለ ነው።