የተረፈ ሆት ቸኮሌት ለኬክ ይሆናል ወይ ላልሽው እህት

እህቴ፣ «ከውጭ የመጣ የሆት ቸኮሌት ዱቄት ተርፎኛል፤ ልጆቹ ሰልችቷቸዋል፤ በካካዎ ፈንታ ኬክ ውስጥ ብጨምረው ይሆናል ወይ?» ብለሻል። ይሆናል። ግን ከስር «አዎ፣ ልክ እንደ ካካዎ ተጠቀሚው» ያሉሽን አትስሚ። ጋግረው አያውቁም።

1. ጣሳውን አዙሪና በ100 ግራም ውስጥ ስንት ግራም ስኳር እንዳለ አንብቢ። አብዛኛው ከግማሽ በላይ ስኳር ነው። አንዳንዱ 70ን ያልፋል። ካካዎ ደግሞ መራራ ነው። እንግዲህ 75 የሚል ከሆነ፣ ከአራት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ሦስቱ ስኳር ነው ማለት ነው። ያንን ሦስት ማንኪያ ከኬኩ ስኳር ላይ ቀንሺ። ካልቀነስሽ ኬኩ ከላይ ይጠቁርና መሐሉ ሳይበስል ይሰምጣል።

ጎንደር ላይ ደግሞ ይብሳል። ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጡ ቶሎ ኩፍ ይላል፤ ሳይጸና ይወርዳል። ስኳር ሲበዛበት መጽናቱ ይዘገያል። ስለዚህ የውጭ አገር አሠራር ከሆነ የያዝሽው፣ ከቤኪንግ ፓውደሩም ሩቡን ቀንሺ።

2. ቀምሰሽ እመኚ እንጂ ሰው አትመኚ። ይሄንን ያስተማረኝ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ሱቅ ነው። ለልጄ ልደት ካካዎ ፈልጌ ገባሁ። በላስቲክ የተቋጠረ ቡናማ ዱቄት ሰጠኝ። «ካካዎ ነው?» አልኩት። «ንጹሕ ካካዎ!» አለኝ። የካካዎ ዋጋ ተቀበለኝ። ያ ሁሉ እንቁላል፣ ያ ሁሉ ቅቤ ገብቶበት፣ ኬኩ መሐሉ ጎድጉዶ የወጥ ሳህን መስሎ ወጣ። የተረፈውን ስቀምሰው የሚጠጣው ሆት ቸኮሌት ነው። ይዤለት ተመለስኩ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጣፋጭ ከሆነ ምን ከፋሽ? ስኳር አተረፍሽ!» ሰው ሁሉ ሳቀ። ብሬንም አልመለሰም። አሁን ማንም «ካካዎ ነው» ቢለኝ እዚያው ፊቱ ቁንጥር አድርጌ እቀምሳለሁ። ቅር ካለው ይበለው።

መቼም አንቺም እንደኔ ለጾም መጋገርሽ አይቀርም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «በውሃ ስለሚበጠበጥ የጾም ነው» ይላሉ። እንዲያውም በውሃ ብቻ ተበጥብጦ የሚጠጣው ነው ብዙ ጊዜ የወተት ዱቄት ያለበት! ሚልክ፣ ዌይ ወይም ላክቶስ የሚል ካየሽበት ለፍስክ አቆዪው።

ወተት የሌለበት ከሆነ የኔን እነሆ። አንድ ኩባያ ተኩል ፉርኖ ዱቄት፣ ስድስት የሾርባ ማንኪያ ሆት ቸኮሌት፣ ግማሽ ኩባያ ስኳር፣ ሙልት ያላለ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ሲሶ ኩባያ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ። በውሃ ፈንታ አንድ ኩባያ የቀዘቀዘ አቦል ቡና። ቡናውን አትዝለዪው። ሆት ቸኮሌት ውስጥ ያለው ካካዎ ትንሽ ስለሆነ ኬኩ ቸኮሌት ቸኮሌት አይልም፤ ጣዕሙን የሚያወጣው ቡናው ነው። ኮምጣጤው ሶዳውን ወዲያው ስለሚያስነሣው ደግሞ ሊጡ ቆሞ መጠበቅ አይችልም። ኦቨኑ ሳይግል፣ መብራቱም መኖሩን ሳታረጋግጪ ኮምጣጤውን እንዳታስገቢ። መብራት ኃይልን አምነሽ ሊጥ አትለውሺ!

አማቴ ከድፎ ዳቦ ሌላ ዳቦ አለ ብለው የማያምኑ ሰው ናቸው። ይሄንን ግን «ለጽዋ ማኅበሬ ጋግሪልኝ» ብለው ልከውብኛል። ሌላ ምስክር አልጠራም።

ዱቄቱ ክረምቱን ተከፍቶ ከከረመ ይጓጉላል፤ በወንፊት ንፊው። ወተት ያለበት ሆኖ ሽታው ከተለወጠ ግን ጣዪው። የጣሳውን ጀርባ ፎቶ አንሺና ከስር ለጥፊልኝ፤ ስንት ስኳር እንደምትቀንሺ አሰላልሻለሁ።