«ሞዲፋይ ሰጠሁት፣ መጻፍ ግን አልቻለም»፦ የፎልደር ፐርሚሽን ፈተና ላስቸገራት ሥራ ፈላጊ

ጥያቄ፦ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተመርቄ ለአይቲ ሰፖርት ሥራ የተግባር ፈተና ተፈተንኩ። ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ባለ የፋይናንስ ፎልደር አንድ ሠራተኛ መጻፍ እንዲችል አድርጊ ተባልኩ። ሴኩሪቲ ታብ ገብቼ «ሞዲፋይ» የሚባለውን የማንበብ፣ የመጻፍና የመሰረዝ ፐርሚሽን (መብት) ሰጠሁት። ሰርቨሩ ላይ በስሙ ገብቼ ስሞክረው ይጽፋል፤ ከእሱ ኮምፒውተር ሲከፈት ግን ከማንበብ አላለፈም። ሰዓቱም አለቀብኝ። ለሚቀጥለው ምን ላጥና?

መልስ፦ እህታችን፣ የሰጠሽው ትክክል ነበር፤ የዘነጋሽው ሌላኛውን በር ነው። በኔትወርክ የሚከፈት ፎልደር ሁለት ፍተሻ አለው፦ በኔትወርክ ለሚገቡ ብቻ የሚሠራው ሼር ፐርሚሽንና አንቺ ሴኩሪቲ ታብ ላይ የነካሽው፣ ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው የፎልደሩ የራሱ ፐርሚሽን። ሁለቱ ካልተስማሙ ጠበቅ ያለው ያሸንፋል። በ«አድቫንስድ ሼሪንግ» ሲሄዱ ዊንዶውስ በራሱ የሚያስቀምጠው «ኤቭሪዋን፦ ሪድ» (ሁሉም ማንበብ ብቻ) ነው፤ እሱ ካልተለወጠ ሞዲፋይ ብትደራርቢም ከኔትወርክ የሚጽፍ የለም። ሰርቨሩ ላይ የሠራልሽ ሼር ፐርሚሽን እዚያው ማሽኑ ላይ ስለማይቆጠር ነው። ስለዚህ መፈተሽ ያለብሽ ከተጠቃሚው ኮምፒውተር ነው። የምንመክረው ሼሩ ላይ ለ«ኦተንቲኬትድ ዩዘርስ» (በአካውንታቸው ለገቡ ሁሉ) «ቼንጅ» (ማንበብና መጻፍ) ሰጥቶ ገደቡን በሙሉ ኤንቲኤፍኤስ ላይ መያዝ ነው። ሁለት ቦታ የተበተነ ገደብ ከስድስት ወር በኋላ የሚያስታውሰው አይገኝም።

ፈታኙ ሳይናገር ነጥብ የሚቀንስበት ሌላም አለ፦ ፐርሚሽኑን ለሰውየው በስሙ መስጠትሽ። «ፋይናንስ ንባብ» እና «ፋይናንስ ጽሕፈት» የሚሉ ሁለት ግሩፖች ፍጠሪና ሰውን ወደ ግሩፕ አስገቢ። በስሙ ፐርሚሽን የተሰጠው አካውንት ሲሰረዝ ሴኩሪቲ ታብ ላይ «ኤስ-1-5-21» ብሎ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ብቻ ይቀራል፤ የማን እንደነበር ማንም አያውቅም። ግሩፕ ውስጥ የገባ ሠራተኛ ደግሞ ሎግ አውት ብሎ ካልተመለሰ አዲሱን መብት አያገኝም፤ የግሩፖቹ ዝርዝር የሚያዘው ሲገባ ነውና። ይህን የረሳ ጀማሪ ትክክለኛውን ፐርሚሽን ሲነካካ ያበላሸዋል።

«ፉል ኮንትሮል» (ሙሉ መብት) ለተጠቃሚ አትስጪ፤ ራሱ ፐርሚሽን እየቀየረ ሌላውን ሊዘጋ ይችላል። «ዲናይ»ንም (ክልከላን) በቁጠባ ያዢው። ብዙዎች ዲናይ ሁልጊዜ ያሸንፋል ይላሉ፤ ነገር ግን ፋይሉ ላይ በቀጥታ የተሰጠ «አላው» (ፈቃድ) ከላይኛው ፎልደር የተወረሰን ዲናይ ይበልጣል። ሌላው ወጥመድ ፋይል ማዘዋወር ነው። እዚያው ድራይቭ ውስጥ በ«ሙቭ» የሄደ ፋይል የድሮ ፐርሚሽኑን ይዞ ይሄዳል፤ በ«ኮፒ» የሄደ ግን የአዲሱን ቦታ ይወርሳል። «ፋይሉ ተበላሽቷል» ተብሎ የሚመጣ አቤቱታ አንዳንዴ ይኸው ነው።

ለልምምድ የዊንዶውስ ሰርቨርን የ180 ቀን የሙከራ ቅጂ ቨርቹዋልቦክስ (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስኬድ ፕሮግራም) ላይ ጫኚ። 8 ጂቢ ራም ያለው ላፕቶፕ እያዘገመም ቢሆን ይችለዋል። ክላየንቱ (የተጠቃሚው ማሽን) ዊንዶውስ ፕሮ ይሁን፤ ሆም የሚባለው ዕትም ዶሜይን (በሰርቨር የሚተዳደር የኮምፒውተሮች ስብስብ) ውስጥ አይገባም። ለፋይናንስ፣ ለግዥና ለሰው ኃይል ፎልደር ክፈቺ፣ 6 ዩዘር ፍጠሪ፣ በእያንዳንዱ ገብተሽ አንብቢ፣ ጻፊ፣ ሰርዢ፤ ውጤቱን በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ሙዪ። በሲቪሽ ላይ «ዊንዶውስ ሰርቨር አውቃለሁ» ከሚለው ይልቅ ይህ ይጻፍ፣ ገጹንም ይዘሽ ግቢ። ሲኖሎጂ (በኔትወርክ የሚሠራ የፋይል ማስቀመጫ መሣሪያ) ያላቸው ቢሮዎች ጋ ካመለከትሽ ደግሞ የእሱን ፐርሚሽኖች ቅደም ተከተል ያዢ፦ «ኖ አክሰስ» ሁሉንም ይረታል፣ ቀጥሎ «ሪድ ራይት»፣ መጨረሻ «ሪድ ኦንሊ»።

በቃል ፈተና «ሥራ አስኪያጁ ደውሎ ለእከሌ የደመወዝ ፎልደር ክፈቺለት ቢልሽስ?» ሊሉሽ ይችላሉ። እሺም እምቢም አትበዪ። የፎልደሩ ባለቤት የሰው ኃይል ኃላፊው ስለሆነ ፈቃዱን በኢሜይል እጠይቃለሁ፣ ሲመጣ ወደ ንባብ ግሩፑ አስገባዋለሁ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይም እመዘግባለሁ በዪ።