መልስ፦ ከድረ ገጹ ጀርባ ያለው ባለሙያ ቀኑን በምን ያሳልፋል?

ጤና ይስጥልኝ። «ድረ ገጹን የሚያሳምረው ሌላ ሰው ከሆነ፣ ከጀርባ ያለው ፕሮግራመር ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል?» ብለው ጠይቀዋል። በቅርቡ ሁለት ቀን የወሰደብኝን ሥራ ልንገርዎ።

የአንድ ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሠራተኛ «ፀሐይ» ብላ ስትፈልግ የታካሚዋ ካርድ የለም ይላታል። ካርዱ ግን አለ፤ የተመዘገበው «ጸሀይ» ተብሎ ነው። ሞክሼ ሆሄያት ለጆሯችን አንድ ናቸው። ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር መስፈርት፣ በዩኒኮድ ግን ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736 ስለሆኑ ዳታቤዙ (መዝገቦቹ የተከማቹበት የመረጃ ቋት) የማይተዋወቁ ፊደላት አድርጎ ያያቸዋል። ሠራተኛዋም አዲስ ካርድ ታወጣለች፤ የአንዲት ሴት የሕክምና ታሪክ ለሁለት ይከፈላል። አንድ መድኃኒት እንደማይስማማት የተጻፈው በአሮጌው ካርድ ላይ ብቻ ቢሆንስ? እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው።

መፍትሔው ስሟን ማረም አይደለም፤ ስሟ እርሷ እንደምትጽፈው ይቀመጥ። ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ ጨመርኩ። በእርሱ ውስጥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ፤ ከካዕብ እስከ ሳብዕ ያሉትም እንዲሁ። ከሀ እና ከአ ጋር በድምፅ አንድ የሆኑት ሃ እና ኣም መዘንጋት የለባቸውም። ተጠቃሚው የሚጽፈው ቃልም በዚያው መንገድ ያልፋል። ከዚያ ኢንዴክስ (ፍለጋውን የሚያፈጥን ማውጫ)፣ ሙከራ፣ የቆዩትን መዝገቦች በሌሊት መለወጥ። ድርብ ካርዶቹን ግን ፕሮግራሙ በራሱ እንዲያዋህድ አልፈቀድኩም፤ ስመ ሞክሼ ታካሚዎች ስላሉ ሰው አይቶ ይወስን።